ፊታውራሪ ቆመው የዋሉ ዕለት

ባለፈው የገበያ ቀን ወረታ መንታ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል፤ መሐሉ ላይ የሚቆም ሰው የሁለቱንም አቧራ ይጠጣል። አንድ ባጃጅ እንደ ልማዱ ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ የአንድ ሽማግሌ ጆንያ ገጨና ሩዛቸውን አስፋልቱ ላይ ዘረገፈው። ሽማግሌው ዱላቸውን ሽቅብ አነሡና «በሕግ አምላክ! ቁም!» አሉ። ድምፃቸው ከአካላቸው ይበልጣል። ባጃጁ ግን አልቆመም፤ ጡሩንባውን ነፍቶ በጭነት መኪናዎቹ መሐል ሹልክ አለ። እዚያ የነበሩ ወጣቶች ሳቁ። የሳቁትም በሽማግሌው ቃል ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ሩዙን ከአቧራው እየለየሁ ሳፍስላቸው «አዬ ልጄ፣ ድሮ ቢሆን እግሩ ይያዝ ነበር» አሉኝ። ሰባ ዓመት ያለፈኝን ሴት ልጄ ማለታቸው ደስ አለኝ። «አውቃለሁ አባቴ፣ አይቻለሁ» አልኋቸው። እውነቴን ነው። ያ ቃል ሰው ሲያቆም አይቻለሁ፤ ያውም ተራ ሰው አልነበረም።

ቤት ገብቼ ለዮናስ ነገርሁት። ዮናስ የልጄ ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር እየኖረ እዚሁ ወረታ እንግሊዝኛ ያስተምራል። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማርሁ ነኝና፣ ሁለት አስተማሪ በአንድ ቤት ሲኖር ማንም ማንንም አያዳምጥም። ያን ቀን ግን አዳመጠኝ። ስለ ፊታውራሪ ቸኮል ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ጥቂት ነካካና «እማማ፣ ይኼኮ እንግሊዝ አገር እስካሁን አለ» አለኝ። በየአውራጃቸው ንጉሡን የሚወክል አንድ ሰው አለ አሉ። ያስተዳድራል? አያስተዳድርም። ይፈርዳል? አይፈርድም። ባለ ወርቅ ጥልፍ ልብሱን ለብሶ፣ ሰይፉን ታጥቆ፣ ንጉሡ ሲመጡ ይቀበላቸዋል፤ ሳይመጡ ሲቀሩ ደግሞ በእሳቸው ፋንታ ተገኝቶ ሪባን ይቆርጣል፣ ኒሻን ያደርሳል። ፎቶውንም አሳየኝ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ዝናብ እየመታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጃንጥላ የያዙ ሰዎች በዙሪያው አሉ፤ እሱ ግን ጃንጥላ የለውም። አቋሙ ፊታውራሪን አስታወሰኝ። «የእኛው በበቅሎ ነበር የሚመጡ» አልሁት።

ፊታውራሪ ቸኮል የጃንሆይ ወኪል ነበሩ። ይህን ስል ገዥ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ገዥው ሌላ፣ ዳኛው ሌላ፣ ግብር ሰብሳቢውም ሌላ ነበር። የፊታውራሪ ሥራ ጃንሆይ ሊገኙ በማይችሉበት ቦታ ሁሉ መገኘት ነበር፤ ጃንሆይ ደግሞ ፎገራ ላይ አዘውትረው የሚገኙ ሰው አልነበሩምና ሥራ አልጠፋባቸውም። የትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ታቦት ሲወጣ፣ ስመ ጥር ሰው ሲቀበር ይመጣሉ። ያን ጊዜ ወደ ሰባ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው የተከረከመ ሰው ነበሩ። ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ነበራቸው፤ ከሣጥን የሚወጣው ለክብር ቀን ብቻ ስለሆነ ባጠገባቸው ያለፈ ሁሉ ናፍታሊን ይሸተዋል። እኔ ዛሬም የልብስ ሣጥን ስከፍት ጃንሆይ ያለፉ ይመስለኛል። ጎራዴም ይታጠቁ ነበር። ጎራዴው ሲመዘዝ ያየ ሰው አልነበረም፤ አፎቱ ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል እያሉ ክፉዎች ያሟቸዋል። ከበቅሎ ይወርዱና፣ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ብቻ ይናገራሉ፦ «ጃንሆይ እንደምን ከረማችሁ ብለዋችኋል።» ሕዝቡ እጅ ይነሣል። ከዚያ ይቀመጣሉ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌላው ይቀመጣል፤ እሳቸው ሳይቀመጡ መቀመጥ ከነውርም አልፎ ወንጀል ይመስለን ነበር፤ በእሳቸው እግር የቆሙት ጃንሆይ ናቸውና። እኛ ሴት ልጆቹ ጨዋታ አድርገነው ነበር። አንዷ ፊታውራሪ ትሆናለች፣ ሌሎቻችን ቆመን እንጠብቃታለን፣ እሷ ልቀመጥ ልቀመጥ እያለች ታታልለናለች፤ ቀድማ ቁጢጥ ያለች ትሸነፋለች።

ያን ጊዜ ፎገራ ሩዝ አያውቅም። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ቀን ሙሉ ሲንጎራጎር፣ የሩዙ ገለባ በየመንገዱ ዳር ሲቆለል ለሚያይ ልጅ ይህን ብነግረው አያምነኝም፤ ሩዝ ከአዳም ጀምሮ እዚህ የነበረ ይመስለዋል። በእኛ ጊዜ ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ይሞሉና ሜዳውን ያለብሱታል፤ ጣና ደጃችን ድረስ ሊጠይቀን የመጣ ይመስል ነበር። ውኃው ሲሸሽ በዚያ በጥቁሩ አፈር ላይ ጤፍ፣ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ከብቱ ዝንጉርጉር፣ ቀንዱ አጭር፣ ወተቱ የማያልቅ ነበር። በሽልንግ ዶሮ፣ በስሙኒ አሥር እንቁላል ይገዛል። ለክት የአቡጀዲ ቀሚስ ካላት የደላት ትባላለች፤ ኮንጎ ጫማ ያላት ልጅ ደግሞ ወንዝ ስንሻገር ጫማዋን አውልቃ ራሷ ላይ ትሸከማለች፣ ከተሻገረችም በኋላ እንዲታይላት አታወርደውም። ወረታ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነበር። ዜና ሲጀምር አዝማሪው ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዜናው እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ሲያልቅ ዜናውን ራሱን በግጥም ይደግመዋል፣ ሰውም የሚያምነው የእሱን ነበር። ዘመኑ ደግ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁም ያንን አያስብለኝም። ግን ይናፍቀኛል፤ ምን ላድርግ።

አባቴ የሞተ ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። በላይ ይባል ነበር፤ ወባ ነው የወሰደው። የተወልን አንዲት ጎጆ፣ ሁለት ላምና ጉማራ ዳር ያለች አንዲት ቁራሽ ርስት ነበረች። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ታከለ፣ የቀበሌያችን ጭቃ ሹም ነበር፤ የመንደሩ ትንሽ መንግሥት ማለት ነው። አርባው ወጥቶ ሳምንት ሳይሞላው ያችን መሬት ጠምዶ አረሳት። «ወንድሜ ወንድ ልጅ አልተወም» አለ። ርስት ለሴት ልጅም እንደሚደርስ አገር ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፤ ጭቃ ሹምን ግን ማን ይናገረዋል? ይባስ ብሎ እናቴን «አንቺ ወደ ዘመዶችሽ አንበሳሜ ተመለሺ፤ ልጅቱ የወንድሜ ደም ናት፣ ከእኔ ቤት ትደግ» ይላት ጀመር። ከእሱ ቤት ማደግ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ በፊት ያደገችውን የአክስቴን ልጅ ውኃ ስትቀዳና ኩበት ስትለቅም እንጂ ስትጫወት አይቻት አላውቅም። እናቴ ደግሞ ያለዚያች መሬት አገሩ ላይ የምትቆይበት ምክንያት አልነበራትም። መሬቷ ለእሱ የጸናችለት ቀን እኔና እናቴ እንለያያለን፤ ነገሩ ይኸው ነበር፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እናቴ ይታይሽ አጭር፣ ደረቅ፣ ነገር የማይረሳት ሴት ነበረች። ቆሎዋን ቋጥራ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሯ ሄዳ ከሰሰች። ሁለት ዓመት ተመላለሰች። አንድ ቀን ዳኛው ታመዋል፣ አንድ ቀን ጸሐፊው ልቅሶ ሄዷል፣ አንድ ቀን ተከሳሹ ለመንግሥት ሥራ ተፈልጓል ይባላል፤ የሚሰጣት ቀጠሮ ብቻ ነው። ስትመለስ እግሯን በሞቀ ውኃ አጥባታለሁ፤ ተረከዟ እንደ በጋ ሜዳ ተሰነጣጥቋል። «እምዬ፣ ተይው በቃ» ስላት «ልተወውና አንቺን ማን ይስጠኝ?» ትለኛለች።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ መጣ። የደብራችን ንግሥ ነውና ፊታውራሪ እንደሚመጡ ታወቀ። ሚያዝያ ፎገራ ላይ ፀሐይዋ አትመችም፤ መሬቱ የሰው እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ጥላ የሚባል ነገር ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች በቀር የለም። ታቦቱ ገብቶ፣ ካህናቱ ጨርሰው፣ ከቅጥሩ ውጭ ዳስ ተጥሏል። በዳሱ ውስጥ ከወረዳው ቢሮ የመጣ ቀይ ወንበር ተቀምጧል፣ ከፊቱ ምንጣፍ ተነጥፏል። የወረዳው ገዥ አዲስ ጫማ አድርገው፣ መምሬ ጥበቡ የደብሩ አለቃ ጥላቸውን አስይዘው፣ አጎቴ ታከለም ነጭ ኩታውን አጣፍቶና ጭራውን ይዞ ከፊት ተሰልፈዋል። እናቴ ያን ጠዋት ያላትን አንድ ቀሚስ ለብሳ፣ እጄን ይዛ፣ ሰዉን እየሰነጠቀች ወደ ምንጣፉ ጠጋ ጠጋ ስትል ለማየት ነበር የመሰለኝ። ፊታውራሪ ከበቅሎ ወረዱ። ካባቸውን አስተካከሉ። ወደ ወንበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ነበር። ዐሥሩን እንደተራመዱ ከራሴ በላይ ድምፅ ወጣ።

«በጃንሆይ አምላክ! ይቁሙ!»

እናቴ ነበረች። ፊታውራሪ አንድ እግራቸው ምንጣፉ ላይ፣ አንዱ አፈሩ ላይ እንዳለ ቀጥ አሉ። ለዛሬ ልጆች መንገር አለብኝ፤ ያን ጊዜ በሕግ አምላክ ወይም በጃንሆይ አምላክ የተባለ ሰው፣ ገበሬም ይሁን ባለጸጋ፣ ነገሩ እስኪያልቅ ወይም ያቆመው ሰው እስኪለቀው ከቆመበት አይነቃነቅም። ግን ሰው የሚቆመው በንጉሡ ስም ነው። የንጉሡን ወኪል በንጉሡ ስም ያቆመ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ እናቴም ያደረገችውን ያወቀችው አይመስለኝም። መሬቱ እንኳን ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ስንጥቅ ቢውጠኝ በወደድሁ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ ፊታውራሪ፣ ሳይዞሩ።

«ይታይሽ ነኝ ጌታዬ፤ የሟች በላይ ሚስት። ይቺ ልጁ ናት። አጎቷ ጭቃ ሹም ታከለ ርስቷን ቀምቷታል።»

«ክሰሺው።»

«ከስሻለሁ ጌታዬ። ሁለት ዓመቴ።»

ፊታውራሪ አሁንም ሳይዞሩ መለሱ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም። መፍረድ አልችልም፤ አልተፈቀደልኝም።»

«አውቃለሁ። ዳኛስ ጠርቼ አልሰማኝም። ጃንሆይን ነው የጠራሁ።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። ገዥው ተቆጡ። «ዘበኛ! ይቺን ሴት ወዲያ በሏት! ጌታዬ፣ እርስዎ ይለፉ፣ ይቀመጡ።»

ፊታውራሪ እጃቸውን ከካባው ሥር አወጡና ዘበኛውን አስቆሙት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ቅርብ ስለነበርሁ ነው። «በጃንሆይ አምላክ የተባልሁ እኔ ካለፍሁ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ማን ይቆማል?» አሏቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩና «ልቀቂኝ» አሉ።

«መሬቷን ይልቀቅና እለቅዎታለሁ።»

«እንግዲያውስ ቆሜያለሁ» አሉና ቆሙ።

ረፋዱ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ነገሩ ቶሎ የሚያልቅ መስሎት ነበር። አጎቴማ ጭራውን እያወዛወዘ ፈገግ ብሎ «ይደክማታል» ሲል ሰምቼዋለሁ። እናቴን አላወቃትም፤ የእሷ እግር በደብረ ታቦር መንገድ የተማረ ነው። ፊታውራሪ ሲቆሙ ገዥው ቆሙ፣ ገዥው ሲቆሙ ሹማምንቱ ቆሙ፣ ካህናቱ ቆሙ፣ አገሩ ቆመ። ምግቡ ዳስ ውስጥ ነው፤ የወጡ ሽታ ይመጣል፤ ጠላው በጋን በጋን ተደርድሯል፤ ማንም አይነካውም። ፀሐይዋ እያየለች ሄደች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እናቴን ነበር፤ «ምን ያለች ሴት ናት፣ በዓሉን አበላሸች» ይላል። ከቀትር በኋላ ግን ዓይኑ ቀስ በቀስ ወደ አጎቴ ዞረ። እኔም አፈርሁ። ፊታውራሪን አያለሁ፤ ላባቸው ከግንባራቸው እየወረደ ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ አይጠርጉትም። ያን የመሰለ ጥቁር ካባ ፀሐይ ሲይዘው ምን እንደሚሆን አስቡት። የግራ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። በዱላ እንዲደገፉ መምሬ ጥበቡ ዱላቸውን ቢያቀብሏቸው «ጃንሆይ በዱላ አይደገፉም» ብለው መለሱላቸው። የእናቴን ነጠላ ሳብ አደረግሁና «እምዬ፣ በማርያም ልቀቂያቸው፤ ይሞታሉ። አጎቴ ቤት እሄዳለሁ፣ ምን አለበት» አልኋት። ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ። ላንቺ ነው የቆሙ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን አለቀቀቻቸውም።

ነገሩን የፈታው ሕግ አይደለም፣ ጽድቅም አይደለም፤ ረኃብና የእግር ሕመም ነው። አንድ ሽማግሌ «ታከለ ወንድሜ፣ አንተስ ጎረምሳ ነህ፤ እኔ ጉልበቴ አለቀ» አሉ። ሌላው «ለአንዲት ቁራሽ መሬት አገር ታቆማለህ?» አለ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ «የወንድሙን ልጅ የሚቀማ ሰው ጠበል ጠዲቅ ምን ይሠራለታል!» ብላ ጮኸች። የገዥው አዲስ ጫማ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር፤ አንዱን እግር ያነሣሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ፤ በመጨረሻ ወደ አጎቴ ጠጋ ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው የሆነ ነገር አሉት። የአጎቴ ፊት ጠቆረ።

«ይሁን! ትቻለሁ! ትውሰደው!» አለ።

«ዋስ ጥራ» አለች እናቴ።

አጎቴ ዙሪያውን ቢያይ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገዥው «እኔ ዋሱ! እኔ ዋሱ ነኝ! በሉ እንቀመጥ!» አሉ። ሰው ሳቁን በኩታው ሸፈነ። ዋስ ተባለ፤ ያውም በታቦት ደጅ፣ አለቃው እየሰሙ፣ አገር እየሰማ። ከዚህ በላይ ምን ማኅተም አለ? እናቴ ሄዳ ፊታውራሪ እግር ሥር መሬቱን ስማ «ይለፉ ጌታዬ፣ ለቅቄዎታለሁ» አለች። ፊታውራሪ ግን ማለፍ አልቻሉም። እግራቸው እምቢ አለ። መምሬ ጥበቡና አንድ ሰው በሁለት በኩል ደግፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው፤ የእኛም አገር በአንድ ጊዜ ዱብ ብሎ ሲቀመጥ ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ያልተናገሩት ነገር ትዝ አላቸውና፣ ተቀምጠው፣ በደከመ ድምፅ «ጃንሆይ እንደምን ከረማችሁ ብለዋችኋል» አሉ። እንደዚያን ቀን ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ግን አዝማሪ አፉን አይዝም። ያ የጠጅ ቤቱ አዝማሪ ሳምንት ሳይሞላ ማሲንቆውን አንሥቶ እንዲህ አለ፦

ዳኛስ ተቀምጦ ይፈርዳል ይላሉ፣
የእኛ ፊታውራሪ ቆመው ፈርደው ዋሉ።

ግጥሙ በሠርግ ተዘፈነ፣ በደቦ ተዘፈነ፣ እኛም ውኃ ስንቀዳ ዘፈንነው። እኔ ራሴ ከሁሉ አስበልጬ ነበር የምዘፍነው፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ፊታውራሪ እኮ አልፈረዱም። የቆሙ ብቻ ናቸው። ዘፈኑ ግን ፈረዱ አለ፤ በጫማቸው የተንገበገቡት ገዥም የሚፈልጉት ይህንን ነበር። ያለ ሥልጣናቸው በጃንሆይ ስም ፈረዱ፣ ይኸው ሕዝቡም ይመሰክራል ተብሎ ወደ ላይ ተጻፈ አሉ። ለመስቀል የመጣው ወኪል ሌላ ሰው ነበር፤ በላንድሮቨር መጥቶ መኪናው ዳሱ በር ላይ ቆመ፣ ወርዶ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ተቀመጠ። ፊታውራሪ ቸኮል ካባቸውንና ጎራዴያቸውን አስረክበው ቤታቸው ገብተዋል ተባለ። እናቴ ይህን ገበያ ላይ ሰምታ መጣች፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። «እኔ ነኝ ያዋረድኋቸው» ትላለች፣ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ዘፈን ቤታችን ውስጥ አልዘፈንሁትም።

ያችን መሬት ብዙ ዘመን በላናት ብላችሁ እንዳታስቡ። ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ ጊዜው ተለወጠ፣ ጃንሆይም የሉም ተባለ፣ ርስት የሚባለው ቀርቶ መሬቱ ሁሉ በገመድ እየተለካ ተደለደለ፤ ለእኛም ሌላ ቦታ ደረሰን። አሁን በዚያች ቦታ ላይ የማላውቀው ሰው ሩዝ ይዘራባታል። አንዳንዴ ዮናስን ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ ድንበሯን ላሳየው እፈልጋለሁ፤ ውኃ ተኝቶባት የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቃትም። ቢሆንም በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከእናቴ ሳልለይ አደግሁ፣ ተማርሁ፣ እሷም አንበሳሜ ሳትመለስ እኔው ቤት አርጅታ ሞተች። ሰው በአንዲት ቁራሽ መሬት ይህን ካገኘ ምን ይፈልጋል?

ፊታውራሪ ከተሻሩ በኋላ በመጣው ታኅሣሥ፣ ሽምብራችን እሸት ሲሆን፣ እናቴ ማለዳ ተነሥታ ሁለት ነዶ ቆረጠች፤ አንዱን ራሷ ተሸክማ፣ አንዱን እኔን አሸክማ ወደ ወረታ ወጣን። ፊታውራሪ ከከተማው ዳር፣ በደብረ ታቦር መንገድ በኩል ነበር የሚኖሩ። ያረጀ የካኪ ኮት ለብሰው አጥር ሲያጥሩ አገኘናቸው። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ ያለ ካባው አጭር ሰው ሆነውብኛል። እናቴ እሸቱን አስቀምጣ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አወቁኝ ጌታዬ?»

«እንዴት እረሳሻለሁ! አንቺን የረሳሁ እንደሆነ ጉልበቴ ያስታውሰኛል» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። «በእኔ ምክንያት ነው…»

«ተይ፣ ተይ። እኔ እንኳ ወደ ጣራ ገዳም ልገባ ነው። የሚመነኩስ ሰው ካባ ምን ያደርግለታል?» አሏት። ከዚያ እሸቱን እያዩ ቆዩና «መሬቷ ወዴት ናት? አይቻት አላውቅም እኮ» አሉ።

በእግራችን ሄድን። አንድ ሰዓት የሚያህል መንገድ ነው፤ እሳቸው ቀስ ብለው፣ እኛ ከኋላ። ጉማራ ዳር ስንደርስ እናቴ በእጇ አሳየቻቸው። ከዚህ ዋንዛ እስከዚያ ቁጥቋጦ። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር ለማዞር ጊዜ አልወሰደባቸውም። አንድ ጥማድ በሬ በግማሽ ቀን የሚጨርሳት፣ አንድ ጎኗን ወንዙ የበላት፣ ትንሽዬ መሬት ናት።

«ለዚች ነው?» አሉ።

«ለዚች ነው ጌታዬ» አለች እናቴ።

እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ፈራሁ። እሳቸው ግን ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንበሩ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ወደ ሽምብራው ሰደዱና፣ ሊቆርጡ ሲሉ ተዉት። ወደ እናቴ አልዞሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«ርስቱ የአንቺ ነው አይደል ልጄ? ትፈቅጂልኛለሽ?»

በሕይወቴ ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «መልሽላቸው እንጂ» አለች፣ «ያንቺ ነው።»

«ይቁረጡ ጌታዬ» አልሁ። ከዚያም ደህና ፍሬ የያዘውን እየመረጥሁ አሳየኋቸው።